የኤልካና ሳንቃ

የማርሎ ክሪክ ከተማ ባንክ የወረቀት ገንዘብ የሚያወጣው በራሱ ስም ነበር። ወረቀቱ አራት አራት እንደተያያዘ፣ ሳይቆረጥ፣ ከዋሽንግተን በባቡር ይመጣል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ ዊንስሎ በብዕር ይፈርሙበታል፤ ከዚያ ወደ ኦርፋ መቀስ ይሄዳል።

ኦርፋ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ራሷንም የባሏን አባት ኤልካናንም የምታኖረው በመቀሷ ነው፤ በዚያ የካንሳስ ሜዳ እንደሷ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ የለም ይባልላታል። ባንኩ ጓዳ ተቀምጣ ስትቆርጥ ከጠርዙ ሌላ የሚታያት ነገር የለም። አንዴ ብቻ ዝንብ አይኗ ውስጥ ገብታባት አንዱን አምስት ዶላር አጣማ ቆረጠችው። አቶ ዊንስሎ ሳቁና «ይሄ ከደመወዝዎ ላይ ይታሰባል፣ ለማስታወሻ ይያዙት» አሏት። አፍራ መርፌ ሳጥኗ ስር ከተተችው።

ከተማው በወረቀቱ ይኮራ ነበር፤ የከተማው ስም ተጽፎበታላ! የሌላ ከተማ ወረቀት ሲሰጣቸው አገላብጠው የሚያሸቱ ገበሬዎች የዊንስሎን ፊርማ ካዩ ዝም ብለው ኪሳቸው ይከቱታል። ኦርፋም ቁጠባዋን በዚሁ ወረቀት አድርጋ ዱቄት ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ደብቃለች። የተከራዩት ቤት ባለቤት መከር እንዳለቀ ሦስት መቶ ዶላር ካመጣች ቤቱን ሊሸጥላት፣ ካላመጣች ለሌላ ሊሰጠው ተስማምተዋል። ገንዘቡ ሞልቷል፤ የቀረው ቀኑ መድረሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ሐምሌ ላይ ግን በየጎረቤት ከተማው ባንክ ይዘጋ ጀመር። ዛሬ የወዲያኛው፣ ነገ የወዲህኛው ይባላል። ለኦርፋም የሚቆረጥ ወረቀት መምጣቱን አቆመ። በምትኩ አቶ ዊንስሎ የሱፍ ካፖርታቸውን ይዘውላት መጡ።

«ከገበሩ ስር ሰፋ ሰፋ ያሉ ኪሶች ይስፉልኝ።»

«በዚህ ሙቀት ካፖርት፣ አቶ ዊንስሎ?»

«ብርዱ መምጣቱ ይቀራል እንዴ?» አሉና ሳቁ። ሳቁ አይናቸው ድረስ አልደረሰም። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ወደ ሐይቅ ዳር ነፋስ ሊቀበሉ ከሄዱ ሰንብተዋል። ኦርፋ ነገሩ ባያምራትም ኪሶቹን ሰፋች፤ ስፌት የሰጣትን ሰው ለምን ብላ መጠየቅ ልማዷ አይደለም።

ቤት ስትገባ አባባ ኤልካና ሳንቃቸው ስር ተቀምጠው ጠበቋት። ሳንቃው ከአልጋቸው በላይ የሚንጠለጠል፣ በአሮጌ የወረቀት ገንዘብ የተለበጠ ጣውላ ነው። ልጅ ሳሉ አባታቸው እርሻ ሸጠው የተቀበሉት ገንዘብ ነበር። ያወጣው ባንክ በሳምንቱ ወደቀ፣ ወረቀቱም እሳት ማያያዣ ሆነ። የተረፈውን ሳንቃ ላይ ለጥፈው በሄዱበት ሁሉ ይዘውት ዞረዋል። በከተማው እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ሽማግሌ የለም።

«ነገ በጠዋት ያን ቆርቆሮ ይዘሽ ወደ ባንክ።»

«ቤት ቢቀመጥ ምን አለበት፣ አባባ?»

«ምን አለበት ትላለች! ቀና በይና እይ እንጂ። ባንክ የሞተ ለት ወረቀቱም አብሮ ይሞታል። ደብተር ላይ ካጻፍሽው ግን ዕዳው የሰውየው ነው፤ አንገቱን ይዘሽ ትጠይቂዋለሽ።»

«ሰውየውን እኮ አላመንኩትም። ካፖርቱ...»

«ካፖርት አትበይኝ! ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ!»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ወረቀቱን ታቅፎ ባንክ በር ላይ ተሰልፏል። አቶ ዊንስሎ ራሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው በፈገግታ ይቀበላሉ። «በወረቀቱ የምትለውጡት ወርቅ መንገድ ላይ ነው። እስከዚያው ወረቀታችሁን ስጡኝ፣ በስማችሁ ይመዝገብ።» ከኋላቸው ካፖርቱ ተሰቅሏል። ኦርፋ የሰፋችውን ገበር ስታይ ከሰልፉ ልትወጣ ዞረች፤ አባባ ኤልካና በከዘራቸው ወገቧን ገፋ አደረጓት። ቆርቆሮዋን ገለበጠች።

«ምን ያለ አቆራረጥ ነው፣ ወይዘሮ ኦርፋ!» አሉ አቶ ዊንስሎ ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ። «በየትም አገር ያምራል።»

ጠዋት ባንኩ አልተከፈተም። ዊንስሎ በማታው ባቡር ሄዷል፤ ከእንግዲህ አንቱታው ይቅርበት። ጣቢያው ላይ ያዩት በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሶ፣ ወፍሮ ነበር አሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አባባ ኤልካና የዱቄት ሙጫ በጠበጡ፤ ጠማማዋን አምስት ዶላር ከመርፌ ሳጥኑ አውጥተው ከአባታቸው ወረቀቶች ጎን ለጠፏት።

መከሩ ሲያልቅ ባንኩን የሚያጣራ የመንግሥት ሰው መጣ። ቆራጯ መሆኗን ሰምቶ ኦርፋን አስጠራት።

«ከባንኩ ወረቀት እጅዎ ላይ የቀረ አለ?»

«አንድ ጠማማ። ሳንቃ ላይ ለጥፈነዋል።»

«ሳንቃ ላይ? ኧረ ያላቅቁት፣ እመቤት! ባንኩ ቢወድቅም ወረቀቱን መንግሥት ይከፍለዋል። እዚያው ላይ ተጽፏል እኮ።»

ኦርፋ ወንበሩን ያዘች። «ደብተር ላይ የተጻፈልንስ?»

ሰውየው ባርኔጣውን አዟዟረ። «እሱ እንኳ... ከተረፈው ንብረት ይታያል። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

ላም አለኝ በሰማይ። ቤቱን ደግሞ ሌላ ሰው ገዝቶታል፤ ሰኞ ይገባል።

ቤት ገብታ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራ አምስቱን ዶላር ቀስ ብላ ላጠችው። አባባ ኤልካና አጠገቧ ቆሙ።

«ምን ይላል?»

«ይህ ገንዘብ ዋሽንግተን በተቀመጠ የመንግሥት ዋስትና የተጠበቀ ነው ይላል።»

«አንቺ አይደለሽ የቆረጥሽው? አንድ ቀን አላነበብሽውም?»

«ጠርዙን ነበር የማየው፣ አባባ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አልጋው ላይ ተንበረከኩና የአባታቸውን ወረቀቶች በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስሩ ተኝተዋል እንጂ አንብበውት አያውቁም። የባንክ ስምና የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ነበር።

«የኔዎቹ ላይ የለም» አሉ። «የኔዎቹ ላይ የለም፣ ልጄ። በምን ልወቀው?»

ሰኞ ቤቱን ሲለቁ ሳንቃውን ግድግዳው ላይ ተዉት።