በፋክስ የተላከ እርቅ

ማክሰኞ፣ ማርች 11 ቀን 2008፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። የዙበይዳ አባት አቶ ይርጉ ጋርላንድ ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የሞቱት በዚያ ሰዓት ነው። የጥሪ ደወሉን የተጫኑት ግን ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ነበር። ይህን ከሕክምና መዝገባቸው፣ ከቻርቱ፣ አላገኘችውም፤ ቻርቱ “በአራት ደቂቃ ውስጥ ምላሽ ተሰጥቷል” ነው የሚለው። የነገራት አብሯቸው በክፍሉ የተኛው ሚስተር ኧርል ነው። ዕድሜ ልኩን ባቡር በሰዓቱ ሲያሳልፍ የኖረ ጡረተኛ በደቂቃ አይሳሳትም።

አባትን መጦሪያ ማስገባት በወሎ ሰው ዘንድ ነውር ነው። አቶ ይርጉ በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው ተይዞ ዙበይዳ ብቻዋን ማንሣት ሲያቅታት ግን ነውሩን የሚያነሣ ነገር ተገኘ፤ የዚያ ቤት አስተዳዳሪ የኛው ሰው ሳሙኤል ነበራ! በአካባቢው የመጦሪያ ቤት አስተዳዳሪነት ፈቃድ ያወጣ የመጀመሪያው ሐበሻ ይባል ነበር። ፈቃዱ በመጣ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ፍሬሙን መድረክ ላይ አቁሞ፣ እጅ ጭኖ ጸልዮበታል። ሙስሊሙም ከኩራቱ ተካፍሏል። “ፈረንጅ ቤት መች አስገባኋቸው፤ ሳሙኤል ጋ እኮ ናቸው” ይባል ነበር። ፈቃዱ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ሌት ተቀን ሥራ ላይ ነበር። ሳሙኤልን ለማግኘት ግን ኢንስፔክተሮች የሚመጡበትን ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከቀብሩ በኋላ ዙበይዳ ፈቃድ ለሚሰጠው የስቴት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፈች። ካሳ አልጠየቀችም። አባቷ ቶሎ የተደረሰላቸው ሰው ተብለው መዝገብ ላይ እንዳይቀሩ፣ አርባው ደቂቃ እንዲጻፍ ብቻ ነበር የፈለገችው። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ መጣች፤ ቻርቱን አየች፤ የተሰቀለውን ፈቃድ አየች። ሚስተር ኧርልን ግን “ይረሳል” ተብሎ ተጽፎ ስላገኘችው፣ ሰዓት እንኳ አልጠየቀችውም። ሌላ ማስረጃ እስከ ሜይ መጨረሻ ካልቀረበ ፋይሉ እንደሚዘጋ ለዙበይዳ ደውላ ነገረቻት።

የአቶ ይርጉ አርባ በወጣ በሳምንቱ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ያለው የዙበይዳ አፓርታማ ተንኳኳ። የታክሲ ሾፌሮችን ጠብ በማብረድ የታወቁት ጋሽ ነጅሙዲንና ከሳሙኤል ቤተ ክርስቲያን ወይዘሮ ዓለምጌጥ ነበሩ።

“ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።”

“አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ነጅሙዲን። “ጉልበቴን ያመኛል፣ ስኳርም አለብኝ፤ ቢሆንም አልቀመጥም።”

“ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?”

“አንቺማ ምን ታጠፊያለሽ፣ እታለም። ልጁን አፉ በዪው። ክሱን አንሺለት።”

“የራስን ሰው ለፈረንጅ አሳልፎ መስጠት ደግ አይደለም፣ ልጄ” አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ። “አባትሽን እንደሆነ እግዜር ነው የጠራቸው።”

“እሳቸው ሲጣሩ ማን መጣ፣ እማማ?”

ጋሽ ነጅሙዲን ክብደታቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። የቆመ ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ ዙበይዳም ይህን ታውቃለች።

“እንግዲያው ራሱ ይምጣ። የሆነውን በአፉ ይናገር። ካመነ፣ አፉ እላለሁ።”

“አለቀ!” አሉ ጋሽ ነጅሙዲን፤ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

ቅዳሜ ሳሙኤል ከረባቱን አስሮ፣ አንድ ካርቶን የማንጎ ጁስ ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጡት።

“ሶ፣ ማለቴ፣ ያን ቀን ስታፍ አጥሮን ነበር። ለሠላሳ ሁለት ሰው አንዲት ኤይድ፣ ማለቴ አስታማሚ፣ ብቻ ነበረች።”

“አንተስ የት ነበርክ?” አሉ ጋሽ ነጅሙዲን።

“ማኪኒ ከተማ። እዚያም ሌላ ቢልዲንግ አለኝ። ሁለቱም ጋ ሳይን አደርጋለሁ።”

“በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ?”

“በወረቀት… አዎ።”

“እኛ አገር እንዲህ ያለው ለወሊዮች ብቻ ነበር የሚነገረው።”

“አራት ደቂቃ የሚለውስ?” አለች ዙበይዳ።

ሳሙኤል አንገቱን ደፋ። “በኋላ ነው የተሞላው። ሙሉት ያልኩት እኔ ነኝ።” አለና አለቀሰ። ለቅሶው የማስመሰል አልነበረም። ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዛ አነሣችው።

“አፉ ብዬሃለሁ” አለች። ከልቧ ነበር።

ጋሽ ነጅሙዲን ከኮታቸው ደብተር አወጡ። እሳቸው የዳኙት እርቅ ሁሉ ይጻፋል፤ ነገ ማንም ነገሩን አዙሮ እንዳያወራው ጥፋቱ አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ጻፉ፦ አቶ ይርጉ ደወል ተጭነው አርባ ደቂቃ መቆየታቸውን፤ አቶ ሳሙኤል ጋርላንድ ነኝ ብለው ፈርመው ማኪኒ መዋላቸውን፤ ቻርቱን በኋላ ማስሞላታቸውን፤ ይህን ሁሉ አምነው ይቅርታ ማግኘታቸውን። ሁለቱ ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈረሙ። ሳሙኤል እንደ ሥራ ልማዱ ከፊርማው ሥር የፈቃድ ቁጥሩን አከለበት።

“በይ፣ እንግሊዝኛሽ ደህና ነው፤ ተርጉሚው” አሉ ጋሽ ነጅሙዲን። “ለመሥሪያ ቤቱ ይላክ። መታረቃችሁን ሲያዩ ይዘጉታል።”

ዙበይዳ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“እንዳለ ልተርጉመው፣ ጋሼ?”

“እንዳለ እንጂ! የሽማግሌ ቃል ይቀነሳል እንዴ?”

ወደ ሳሙኤል ዞረች። “አንተስ፣ አንብበኸዋል?”

“ኦኬ ነው፣ እቴ። ዋናው መታረቃችን ነው።”

አንድም ቃል ሳትጨምር፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው። ሰኞ ጠዋት ሳሙኤል ከገዛ ቢሮው በፋክስ ላከው። መሸፈኛ ገጹ ላይ “ጉዳዩ፦ ሰላም ስለ መውረዱ” ብሎ ጽፎበታል።

ረቡዕ መርማሪዋ ደወለች፤ ምስክሮቹን ማነጋገር ፈልጋ ነበር። ጋሽ ነጅሙዲንና ወይዘሮ ዓለምጌጥ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ አስተርጓሚ ፊት ተቀምጠው እያንዳንዱን አንቀጽ አረጋገጡ።

“አንዷን እንኳ አልካደም!” አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ። “ሰው ማለት እሱ ነው!”

የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ኦክቶበር ላይ በፖስታ መጣ። በሁለተኛው ገጽ፣ በሦስተኛው መስመር “አርባ ደቂቃ” ይላል። የሳሙኤል ፈቃድ ለአንድ ዓመት ታገደ። የቤቶቹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ጋርላንድንና ማኪኒን አንድ ላይ አድርጎ ለሌላ አንድ ባለ ፈቃድ ሰጠ።