የአመልካች ጣት የምታህል ሽቦ

ጠዋት እንደ ወትሮዋ ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች፣ አልጋዋን አነጠፈች፣ ሻይ ጣደች። ውሃው እስኪፈላ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ ቆርሳ ቆማ በላች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ይዛ ወደ ሳሎን ገባችና መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ አምፕሊፋየር ወለወለች፤ ፊቱ ላይ ያሉትን ብርማ ቁልፎች አንድ በአንድ፣ ከጎኑ የተሰቀሉትን ሁለት የጆሮ ማዳመጫዎች፣ አጠገቡ ያለውን የሸክላ ማጫወቻ ክዳን። ከዕቃ ጋር የምታወራ ሴት አይደለችምና ምንም አላለችም። ጨርቁን አጥፋ ቦታው መለሰች፣ በሩን ቆልፋ ሥራ ሄደች።

የምትሠራው ከተማው የሚጠጣውን ውሃ በሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ለምሳ ስትነሳ የምታነብበትን መነጽር ቤት እንደረሳችው አስታወሰችና፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ልታመጣው ተመለሰች።

መደርደሪያው ላይ አምፕሊፋየሩ የለም።

ሌባ ነው ብላ በሩን አየች። በሩ ደህና ነው። የሸክላ ማጫወቻው አለ። ሁለቱ ማዳመጫዎችም አሉ፤ ገመዳቸው ተነቅሎ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ሌባ ደግሞ ገመድ አይጠቀልልም። የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ታናሽ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«አወቅሽ እንዴ? ማታ ነበር እኮ ማየት የነበረብሽ!» አለ ወንድሟ። «ደግሞ በዚህ ሰዓት ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«የት ነው ያለው?»

«እታለም፣ መጀመሪያ ስሚኝ። ባለፈው እሁድ አንቺ ወጥ ቤት ሳለሽ ማዳመጫውን አድርጌ ብሞክረው፣ በቀኝም በግራም አንድ ዓይነት! ያን የሚያህል ዕቃ ግራና ቀኙን መለየት ትቶ፣ ስቴሪዮነቱ ጠፍቶ። ቮልዩሙም ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ በየማታው ትሰሚዋለሽ። አንጀቴን በላሽው።»

«የት ነው ያለው ነው የምልህ።»

«ጆሮ ጋ።»

«የምን ጆሮ?»

«ሰው ነው፣ ጆሮ ነው የሚሉት። አሮጌ ሙዚቃ ማጫወቻ እየገዛ አዲስ አስመስሎ የሚያወጣ ነው። ጠዋት እስክትወጪ ጠብቄ ወሰድኩለት። ሲያየው እንደ ልጅ ነው ያደረገው፣ ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ አለኝ!»

«ደውልና እንዳይከፍተው ንገረው።»

«ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን ያጠፋል። ለምን እንዳይከፍተው?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ብዙ ዓመት ከንፈሯን የገጠመችበት መልስ ነውና በአንዴ አልወጣ አላት።

«ቦታውን ንገረኝ» አለች።

አውቶቡሱ ይሄዳል ከማለት ይንፏቀቃል ማለት ይቀላል። ቆማ፣ የላይኛውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ገና አልከፈተውም፣ ገና አልከፈተውም ትላለች በልቧ። ክዳኑን ብቻ ቢከፍት ምንም አይደለም። አቧራውንም ይጥረግ፣ የሚንኮሻኮሸውንም ያጽዳው። ያቺን ሽቦ ብቻ አይንካት።

አምፕሊፋየሩን ከባሏ ጋር የገዙት በተጋቡ በዓመቱ ከአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሽማግሌው ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ተነስተው ነበር። ደረጃውን እየተቀባበሉ አወጡት። የወለሉ ሳንቃ ስስ ስለሆነ ከታች ያሉት ሴትዮ ገና የመጀመሪያው ሸክላ ሲሽከረከር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡ። ዕቃው ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ነበረውና ሁለት ማዳመጫ ገዙ። አንድ ቀን ሴትዮዋ መሰላል ሊዋሱ ብቅ ቢሉ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ገመዳቸው ወደ አንድ ሣጥን ገብቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ አገኟቸው። «እናንተ ሰዎች! ሁለት ጥጃ በአንድ ካስማ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ባሏ ማታ ከሥራ ሲገባ፣ «በይ፣ ጥጃዎቹ ወደ ካስማቸው» ይላት ነበር።

ማዳመጫውን በገዙ ዕለት ግን እንዲህ ሆነ። ዘፋኙ በግራ በኩል ይዘፍናል፤ ትራምፔቱ በቀኝ በኩል ይመልስለታል። ልክ ሁለት ሰው እንደሚጨዋወት ነው።

«ሰማኸው፣ ትራምፔቱ እንዴት እንደሚመልስለት?» አለችው።

«የቱ ትራምፔት?»

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየች። በልጅነቱ የያዘው ትኩሳት ቀኝ ጆሮውን ወስዶበት ኖሯል። ከእናቱ በቀር ያወቀ አልነበረም። ሰው ሁሉ በግራው እንዲቀመጥ የሚያደርገው ለዚህ ነበር፤ በቀኙ ተናግሮ መልስ ያጣ ሰው ኩሩ ነው ይለዋል፣ እሱም ደንቆሮ ከሚሉኝ ኩሩ ይበሉኝ ብሎ ይተዋል። ማዳመጫው ግን አጋለጠው። የሙዚቃው ግማሽ በቀጥታ ወደ ሞተው ጆሮ እየገባ ይቀራል።

አንዳንድ አምፕሊፋየር ግራና ቀኙን የሚያቀላቅል ቁልፍ አለው፤ የነሱ አልነበረውም። ባሏ የሚያውቁትን ጠይቆ፣ መበየጃ ተውሶ፣ አንድ የዕረፍት ቀን ክዳኑን ፈታ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ መበየጃ ይዞ አያውቅም። እሷ የእጅ ባትሪ አበራችለት። የአመልካች ጣት የምታህል ቀይ ሽቦ ከግራው መስመር ወደ ቀኙ አሻግሮ በየደ። አውራ ጣቱን አቃጠለ። ብየዳው እንደ ሽምብራ አብጦ ቀረ።

«ምን ያለው አስቀያሚ ነው» አለችው።

«ማን ሊያየው?»

ክዳኑን ሳይገጥሙ ሸክላውን አስነሱ። ትራምፔቱ ሲመጣ ባሏ ክንዷን ያዘና እስኪያልቅ አልለቀቃትም። «እንግዲህ አንቺ የሰማሽውን እኔም ሰማሁ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም በሁለቱም ጆሮ ያው አንዱን ሰሙ። ለሰው አትንገሪ አላት፤ አልነገረችም። ሲሞትም አልነገረችም። ልብሱን ሰጠች፣ ጫማውን ሰጠች። ማታ ማታ ግን ሁለቱንም ማዳመጫ ትሰካለች፤ አንዱን እሷ ታደርጋለች፣ ሌላውን እሱ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች።

ከአውቶቡሱ ወርዳ ሮጠች። ሰው ዞር ብሎ ያያታል፤ ነጭ ጋውን ለብሶ የሚሮጥ ሰው የታመመ ያለ ያስመስላል።

ወንድሟ በመኪናው ቀድሟት በሩ ላይ ቆሟል። «እታለም፣ ምን ሆነሻል?» አላት። አልፋው ገባች። ክፍሉ እስከ ጣሪያው ሬዲዮ፣ ሸክላ ማጫወቻና ጨርቁ የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ተቆልሎበታል፤ አልኮልና የጋለ ብረት ይሸታል። ጆሮ የሚሉት ሰውዬ ጠጉሩ የሸበተ ነው፤ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቷል።

«እሷ ናት?» አለ ደስ ብሎት። «በሰዓቱ መጡ! የቀረኝ ክዳኑን መግጠም ነው።»

ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ሁሉም ያበራል። ካፓሲተር የሚባሉት ያረጁ ትንንሽ ክፍሎች በአዲስ ተተክተዋል፣ የዘመናት አቧራ የለም። ሽቦዋ በነበረችበት ቦታ ሁለት ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ብቻ አሉ።

«እዚህ ጋ ሽቦ ነበር» አለች።

«አዎ! እሱን ያውቁት ነበር?» ሳቀ። «የሆነ አናጢ ገብቶበት! ግራና ቀኙን አንድ ላይ ጠፍሮ፣ ላዩ ላይ ብየዳውን እንደ ጭቃ መርጎበት። እንዲህ ያለውን እጅ ካቴና ውስጥ ማስገባት ነበር።»

«ኧረ አናጢውን አትስደበው» አለ ወንድሟ፣ አብሮ እየሳቀ።

«የት ጣሉት?»

ሰውዬው በእጁ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ቅርጫት አሳያት። «ብየዳውስ?» አለች። «አቅልጬ አነሳሁት፤ ከሌላው ጋር ተደባልቋል» ብሎ ግራጫ ጠብታዎች የሞሉበት ጣሳ ጠቆማት።

ተንበረከከች። ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ቁርጥራጭ ሽቦ ፈሰሰ። ቀይ ቀዩን እያነሳች ወደ ብርሃን ታወጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላ ታነሳለች።

«እታለም፣ ተነሺ በናትሽ፣ ሰው ያያል» አለ ወንድሟ ዝቅ ብሎ።

«ባሌ ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። «እሱ ነው የበየደው። እኔ ነኝ ባትሪ የያዝኩለት።»

መንገድ ላይ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ።

«ጋሼ?» አለ ወንድሟ። «ጋሼ አይሰማም ነበር?» ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «የሠርጌ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ነገር ነገርኩት። ዝም አለኝ። በቀኙ ነበርኩ። እኔ እኮ እስከ ዛሬ የናቀኝ ነበር የሚመስለኝ።»

ጆሮ ካቻቢቴውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እሱም መፈለግ ጀመረ። እያንዳንዱን ቀይ ሽቦ በማጉያ መስታወት ያያል። «ይሄ የኔ ነው» ይላል። «ይሄም የኔ ነው። ይሄ ከአዲስ ጥቅል ነው።» በመጨረሻ እጁ ቆመ።

«እህቴ» አለ። «የርስዎን መጀመሪያ ነው የከፈትኩት። ከዚያ በኋላ የቆሻሻ መኪናው መጥቶ በቅርጫቱ የነበረውን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ። ይሄ ከሱ በኋላ የሞላ ነው።»

ተነስታ ወደ ውጭ ወጣች። ጎዳናው እስከ መታጠፊያው ድረስ ባዶ ነው። መኪናው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ያንጠባጠበው ውሃ እንኳ ደርቋል። ትንሽ ቆመች፤ ወደየት እንደሚሮጥ ቢገባት ኖሮ ትሮጥ ነበር።

ስትመለስ ሰውዬው መበየጃውን አግሎ ጠበቃት። «አሁኑኑ አዲስ ላስገባልዎት» አለ። «ድምፁ ያው የድሮው ይሆናል። ኤሌክትሪክ የማን እጅ እንደነካው አያውቅም።»

«ልክ ነዎት» አለች። «ይተዉት።»

አመሻሹ ላይ ወንድሟ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ፤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፣ ገመዶቹን ሰካካ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ አልሄድ አለ።

«ስደቢኝ እንጂ እታለም። ዝም አትበይኝ።»

«ምሳ በልተሃል?» አለችው። «ሂድ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ያንኑ የትራምፔቱን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማዳመጫዋን አደረገች። ቮልዩሙን ስታዞረው አልተንኮሻኮሸም። ዘፋኙ በግራዋ ጀመረ፤ ትራምፔቱ በቀኟ፣ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ መለሰለት። ያምራል። አያምርም ለማለት ፈልጋ አልቻለችም። የቀኙን ማዳመጫ ከጆሮዋ ላይ ገፋ አደረገችው። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ከዚያ ባዶ፤ ዘፈነ፣ ባዶ። ባሏ ያን ዕለት፣ የቱ ትራምፔት ሲላት የሰማው ይህን ነበር። ማዳመጫውን ወደ ቦታው መለሰችና እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

የሱን ማዳመጫ ከተሰቀለበት አላወረደችውም። ወንበሩ ባዶ ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ የምትሻገረው ቀይ ሽቦ የለችም።