ለሁሉም የተላከ ማስጠንቀቂያ

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር፤ አርሊንግተን ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። የማኅበረሰቡን እድር ድረ ገጽ በትርፍ ጊዜዋ የምታስተዳድረው ናኢማ ቢሮዋ ውስጥ ስልኳን አነሳች።

«ናኢማ እህቴ፣ ኢርፋን ነኝ። ኤርፖርት ነኝ፤ አሁን ወረድኩ። ሊንኩ አልከፍት አለኝ። እናቴን የት ነው የሚቀብሯት?»

አላወቀችም። የኢርፋን እናት ወይዘሮ ዓሪፋ ሌሊቱን ሲልቨር ስፕሪንግ ዐርፈዋል። የእድሩ ጸሐፊ ተውፊቅ የቀብሩን ቦታ በእድሩ ድረ ገጽ ላይ አውጥቶ ሊንኩን ለሁሉም ልኳል። አሁን ተውፊቅም ሌላውም በየመስጊዱ ጁምዓ ላይ ነው፤ ስልክ የሚያነሳ የለም። መቃብሩ ሜሪላንድም ይሁን ቨርጂንያ፣ በሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እናትን ወደ መቃብር የሚያወርድ ደግሞ ልጅ ነው፤ ኢርፋን አንድያ ነው።

«ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ወደየት ልበለው?»

«ትንሽ ታገሠኝ፤ ሳይቱን ላስነሳው።»

ላፕቶፗን ከፈተች። የእድሩን ግሩፕ ወደ ላይ ገፋችው፤ ጽጌረዳ፣ ሚናራ፣ የወርቅ ጨረቃ፣ እንደገና ጽጌረዳ፤ ሁሉም ላይ «ጁምዓ ሙባረክ» ተጽፏል። ከሥራቸው አንድ ቀይ መስመር ተቀብሯል፦ ድረ ገጹ ወድቋል። የተላከው ጠዋት ነው።

ባለፈው ወር ታኮማ ፓርክ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ሐጂ ሙሐመድሁሴን ቤት ተሰብስበው ድረ ገጹን የሚጠብቅ መሣሪያ ሲመርጡ፣ ሁለት ቀርቦላቸው ነበር። አንደኛው ሳይቱ ሲወድቅ ለአንድ ሰው ስልክ ይደውላል፤ ሁለተኛው ግሩፑ ላይ መልእክት ይጥላል።

«ሮቦት ደውሎ ‹ሰርቨሩ ሞተ› ቢለኝ» አሉ ሐጂ፣ «ኢንናሊላሂ ብዬ ከፈን ልቁረጥለት?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ሐጂ፣ ለእርስዎ አይደውልም» አለ ተውፊቅ። «ለናኢማ ነው። ግሩፑ እኮ ዓርብ ዓርብ የአበባ ማሳ ነው።»

«ሥራ ላይ ስልክ አላነሳም» አለች ናኢማ። «ለሁሉም ይላክ።»

ለሁሉም ተላከ። ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ አለፈው።

ድረ ገጹ የተቀመጠበት የሰርቨር ዲስክ ሞልቷል። ዳግም ብታስነሳው ተመልሶ ወደቀ። የቆዩ ቅጂዎችን አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረች፤ ጣቶቿ ፊደል ሳቱ፣ ደገመች። አለቃዋ በበሩ ብቅ ብሎ አያት፤ ቀና አላለችም።

ገጹ ተከፈተ። መቃብሩ ቨርጂንያ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ። መልሳ ደወለች።

«ኢርፋን! የት ደረስክ?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ ልገባ ነው። ኑሮዋ እዚያ ነው፤ ቀብሯም እዚያው ይሆናል ብዬ...»

«ተመለስ። አሌክሳንድሪያ ነው።»

ሾፌሩን በእንግሊዝኛ ሲለምነው ተሰማት። ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ መኪኖች በበረዶው ተጋጭተው መንገዱ ቆሟል።

ከሶላቱ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ተውፊቅ ራሱ ከመቃብሩ ደወለ።

«ናኢማ፣ ኢርፋን የታለ? ጀናዛው መቃብሩ አፍ ላይ ነው። የመቃብሩ ጠባቂ ሰዓቱን እያሳየን ነው።»

«መንገድ ላይ ነው። ለምኑት፤ ትንሽ ይጠብቅ።»

«ሐጂ እየለመኑት ነው።»

ስልኩን አልዘጋውም። ዝናቡ ጃንጥላ ላይ ሲያርፍ ይሰማታል፤ የሐጂ ድምፅ፣ የማታውቀው ሰው ድምፅ፣ ከዚያ የአካፋ ድምፅ።

ወይዘሮ ዓሪፋን ወደ መቃብር ያወረዷቸው ሐጂ ሙሐመድሁሴንና ተውፊቅ ናቸው።