የመጨረሻው የተሳካ ጥሪ

ዲሽ ተካይ ነኝ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳህኑን አቆማለሁ፣ ገመዱን በመስኮት አስገባለሁ፣ ሪሲቨሩን አስተካክዬ ሪሞቱን ለባለቤቱ አስረክቤ እሄዳለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በሰው ቤት ገመድ ስዘረጋ የኖርኩት ሰውዬ ታዲያ በገዛ ቤቴ አንድ ገመድ እንዳይገባ ከልክዬ ነበር። የስልክ ገመድ።

ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ የተዘጋጀ ነው። «ሁለታችንም ሞባይል አለን፣ የቤት ስልክ ምን ይሠራልናል?» እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። በሰፈራችን የስልክ መስመር የሚያስገባው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእኔ በፊት ሚስቴን ላግባሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ነው። ቁመቱም ስለሚረዝም፣ ቀኑንም ምሰሶ ላይ ስለሚውል ሰው ሁሉ «ምሰሶ» ይለዋል። እሷ እምቢ ብላው እኔን አገባች። ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል፣ እሱም አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል፣ እኛ ገና ነን። እኔ ጣሪያ ላይ ሆኜ ሳህን ሳዞር፣ እሱ ማዶ ምሰሶው ላይ በቀበቶው ተንጠልጥሎ እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለታለሁ። ያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም።

ሚስቴ የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። የእንፋሎቱ ካውያ ክንዷን ሁለት ጊዜ ጠብሷታል። ከዚያ ክፍል የምትወጣበት አንድ መንገድ ተገኘ፤ የረዳት ነርስነት ፈተና። ትምህርቱ በቴሌቪዥን በትምህርት ጣቢያው ይተላለፋል፣ ግን የሚተላለፈው እሷ ሥራ ላይ ባለችበት ሰዓት ነው። እኔም የሚቀርጽ ሪሲቨር አመጣሁላት። ቀን ይቀርጽላታል፣ ማታ እግሯን ዘርግታ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች።

ይህ ዓይነቱ ሪሲቨር ከኋላው የስልክ መሰኪያ አለው። አዲስ ሲሆን አንድ ጊዜ ወደ ኩባንያው መደወል አለበት፤ ሳይደውል አይቀርጽም። አንዴ ከደወለ በኋላ ግን ያለ ስልክም ይሠራል። ስልክ ለሌለው ደንበኛ እኛ የምናደርገው የታወቀ ነው፤ ሪሲቨሩን ስልክ ያለበት ቦታ ወስደን እናስደውለውና ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን። የእኛንም በምሠራበት ሱቅ ስልክ አስደውዬ፣ ተሸክሜ ቤት ገባሁ። ጣጣው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። «እባክዎ የስልክ መስመር ያገናኙ» የሚል ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ማለት ይጀምራል፣ ብታጠፋው ተመልሶ ይመጣል።

«ይሄ ነገር እየሸፈነብኝ ነው» አለች ሚስቴ። «የመድኃኒቱን መጠን ግርጌ ላይ ነው የሚጽፉት።»

«እሺ የሚለውን ተጫኚው፣ ይጠፋል።»

«አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ይመለሳል እኮ። መስመር ብናስገባስ?»

«ማን እንዲያስገባው?» አልኩ።

ወደ ደብተሯ አቀረቀረች። ከዚያ ወዲያ የስልክን ነገር አላነሳችም፣ እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት አየሁ፤ ጽሑፉ ብቅ አላለም። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ነኝና አላመንኩትም። ለባለሙያ ብቻ የሚከፈተውን የመፈተሻ ገጽ ከፈትኩ። እዚያ ላይ ሪሲቨሩ መቼ ደውሎ እንደተሳካለት ይጽፋል። «የመጨረሻ የተሳካ ጥሪ፦ ማክሰኞ፣ 4:20» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ማክሰኞ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እኔ የከተማው ሌላ ጫፍ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ሚስቴ ደግሞ ማክሰኞ ከሰዓት ገቢ ናት፣ ጠዋቱን ቤት ነው የምታሳልፈው። ስልክ በሌለበት ቤት ሪሲቨሩ ደውሏል።

ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ዞርኩ። ቀዳዳ ፈለግኩ፣ አዲስ ሚስማር ፈለግኩ፣ ወለሉ ላይ የኖራ ብናኝ ፈለግኩ። ምንም የለም። ይህ ደግሞ ባሰብኝ፤ የምሰሶ ሥራ ንጹሕ እንደሆነ ጠላቱም ይመሰክርለታል፣ ጠላቱ እኔ ነኝ። መታጠቢያው ውስጥ ሁለት ያልታጠቡ ብርጭቆዎች አየሁና ደሜ ፈላ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጠዋት እኔ ራሴ ውኃ የጠጣሁበት መሆኑ ትዝ አለኝ። ቢሆንም ደሜ አልበረደም።

ያኔ ነው ተንኮሉ የመጣልኝ። ሪሲቨሩን ወደ መጀመሪያው ብመልሰው እንደ አዲስ ይሆናል፤ ሳይደውልም አይቀርጽም። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቀርጾ ካገኘሁት፣ ሰውዬው ቤቴ ገብቷል ማለት ነው፣ ያዝኳቸው ማለት ነው። እንዲህ ሲደረግ በውስጡ የተቀረጸው ሁሉ እንደሚጠፋ አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ለደንበኛ ሁሉ «ይህን አይንኩ፣ ያለዎትን ሁሉ ያጠፋብዎታል» ብዬ የማስጠነቅቀው እኔ ነኝ። አውቅ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን የሱ እጅ የነካው ነገር ሁሉ ድራሹ ይጥፋ አልኩና ተጫንኩት።

አመሻሽ ላይ ሚስቴ ገባች። ደብተሯን አውጥታ ተቀመጠች፣ ሪሞቱን አነሳች፣ ባዶውን ዝርዝር ወደ ላይና ወደ ታች አገላበጠችው።

«ትምህርቶቹ የት ሄዱ?»

«ማክሰኞ ዕለት እዚህ ቤት ስልክ ያስገባው ማን ነው?» አልኩ።

ሪሞቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሁሉንም አጠፋኸው?»

«መጀመሪያ መልሺልኝ።»

«ማንም። ሪሲቨሩን አዝዬ ሄጄ ነው» አለች። «በእጄ ብይዘው ይወድቅብኛል ብዬ በአንሶላ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። መሥሪያ ቤት ወስጄ ቢሯችን ያለው ስልክ ላይ ሰካሁት። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ልጅ መስሏቸው ተነሥተው አስቀመጡኝ። ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ።

«ተኝቷል አልኳቸው።»

እሷ ቀጠለች። «አለቃዬ አየችኝ። ሁለተኛ ይህን ዕቃ እዚህ ባየው ከሥራ ትወጫለሽ አለችኝ። ይሁን አልኩ። ይህን ሁሉ የሆንኩት የዚያን ሰው ስም እዚህ ቤት ላለማንሳት ነው። ሃያ ሁለት ትምህርት ነበር የቀረጽኩት። ፈተናው ሰኞ ነው።»

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ። ካውያው የጠበሰውን ክንዷን እያሻሸች መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ራሴን ስረግም ቆየሁ። ተስፋው አንድ ብቻ ነበር፤ ጣቢያው ከፈተናው በፊት ትምህርቱን ሁሉ በሦስት ቀን ይደግመዋል፣ ድግሙም የሚጀምረው በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ግን ሪሲቨሩን እኔው ራሴ አዲስ አድርጌዋለሁ፣ ሳይደውል አይቀርጽም። የሱቁን ስልክ ባለቤቱ ባለፈው ወር አስቆርጦታል። ጎረቤቱ ሁሉ ሞባይል ነው የሚይዘው። የሆስፒታሉም በር ተዘግቷል።

በነጋታው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የስልክ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ምሰሶ መሰላሉን መኪና ላይ ሲጭን አገኘሁት።

«ምን እግር ጣለህ?» አለኝ።

«መስመር እንድታስገባልኝ ነው። ዛሬ። አሁን።»

«የት?»

«ቤቴ።» ይህችን ቃል ለማውጣት ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ።

ትንሽ አየኝ። ሁሉም ነገር እንደገባው ከዓይኑ አነበብኩ፣ ግን ጨዋ ሰው ነውና ምንም አላለም። ጨዋ ባይሆን ደስ ባለኝ። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ» አለ። እኔም አሰላሁት፤ ሚስቴ በዚያ ሰዓት ወጥታለች።

እሱ እስኪመጣ ቤቱን አስተካከልኩ። የሠርጋችንን ፎቶ ከመኝታ ቤት አምጥቼ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልኩት፣ ሲገባ እንዳያመልጠው ብዬ።

ረዳቱ አልመጣም ነበርና «ወንድሜ፣ መሬቱ ያዳልጣል፣ መሰላሉን ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲወድቅ ስመኝለት የኖርኩትን ሰው እንዳይወድቅ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። ገመዱን ከምሰሶው ወደ ቤታችን ስቦ፣ በመስኮቱ ጥግ በስቶ አስገባው። አንዲት ብናኝ ወለሉ ላይ አልጣለም።

አንድ አሮጌ የስልክ ቀፎም ሰካልኝና ሪሲቨሩ ራሱ መደወል ጀመረ። ስንጠብቅ ምሰሶ ቀና ብሎ ፎቶውን አየው። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

«ተጣሟል» አለና ረጅም ክንዱን ዘርግቶ አቃናው።

«ጥሪው ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መጣ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ነበር የቀረው። ሦስት ሰዓት ሲሆን የሪሲቨሩ ቀይ መብራት በራ፤ መቅረጽ ጀመረ። ያን ጊዜ እሱ መሰላሉን አንሥቶ በር ላይ ደርሷል። «የስልካችሁን ቁጥር ልጻፍልህ?» አለኝ። «ግዴለም» አልኩት። የሱ እጅ የጻፈው ወረቀት ቤቴ ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈለግኩም።

ሥራ አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ከቀዩ መብራት ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ሚስቴ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ገመዱን አየችው። ጣቷን ከመስኮቱ ጥግ ጀምራ በገመዱ ላይ እያስኬደች እስከ ሪሲቨሩ መጣች። ከዚያ ፎቶውን አየች።

«ማን ነው ያስገባው?»

«ምሰሶ።»

«አንተ የት ሆነህ?»

«መሰላል ይዤ።»

ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «ለመሆኑ ቁጥራችን ስንት ነው?»

«አልጻፍኩትም። እሱ ነው የሚያውቀው።»

«እንግዲያው ደውለህ ጠይቀዋ።»

«የሱን ቁጥር ከየት አውቄ?»

ከጫማዋ ቀና ሳትል፣ ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ወረደችው።

ልደውል ያነሳሁት ቀፎ እጄ ላይ ቀረ። «በቃልሽ ነው የምታውቂው?» አልኩ።

«ልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ስልካችን ሲበላሽ ለሱ ነው የምንደውለው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን አየችው። «ሄደህ ግድግዳውን ልታይ ትችላለህ። በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው።»

ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም ነበር፣ ጫማዬም እግሬ ላይ ነው። አንድ እርምጃ ወደ በሩ እንደሄድኩ አልክድም። እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ መልሴን ትጠብቃለች። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው።

ተመልሼ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ቁጥሩን ድገሚልኝ» አልኳት።

ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ደገመችልኝ፣ እኔም ደወልኩ።