ቀዩ ነጥብና ጠያቂዬ

ሽጉጥ ግዢ ያለኝ ኪራኮስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን እዘጋበት ነበር፤ ኪራኮስ ግን ሚዜ ነበር።

ሚዜ ዛሬ አንድ ዓይነት ከረባት አስሮ ፎቶ የሚነሳ ወንድ ማለት ነው። አባቴ ይህን አያውቁም ነበር። በሰርጌ ቀን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አዳራሽ፣ ዲጄውን ሙዚቃ አስቁመው የኪራኮስን እጅ ያዙና «ባሏ ቢበድላት ጠያቂዋ አንተ ነህ። በል ማል» አሉት። ኪራኮስ ማለ። እንግዳው ሳቀ፣ አጨበጨበ። አባቴ አልሳቁም። እሳቸው ባደጉበት አገር ሚዜ ለሙሽራዋ የሚቆም ወንድም እንጂ የባልየው አጃቢ አይደለም።

ባሌ፣ ክፍሌ የሚሉት፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ሰብሮ አንገቴን ሲያንቀኝ አባቴ በሕይወት አልነበሩም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቼ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አፓርታማ ተከራየሁ። ፍርድ ቤቱ ክፍሌ አጠገቤ እንዳይደርስ ከለከለው። አድራሻዬን ለእህቴ ለስሂን እንኳ አልነገርኩም፤ ከሷ አፍ ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ክፍሌ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ኪራኮስ በየጊዜው ይደውላል።

«የት ነው ያለሽው?»

«ቨርጂኒያ።»

«ቨርጂኒያ እኮ ሰፊ ነው፣ ሙሽሪት።»

«ስለዚህ ነዋ የመረጥኩት።»

ይስቃል። ሰንብቶ እንደገና ይጠይቃል። አንድ ቀን ግን መጠየቁን ተወና «እሺ፣ አትንገሪኝ። ግን ባዶ እጅሽን አትቀመጪ» አለኝ። «ሰውዬው ቢያገኝሽስ? ተኩስ መለማመጃ በየሳምንቱ ነው የምሄደው፤ ዕቃውን አውቀዋለሁ። መጥቼ ላስመርጥሽ።»

የተረታሁት እዚህ ላይ ነው። ሊያስታጥቀኝ የሚመጣ ሰው አሳልፎ ይሰጠኛል ብዬ በምን አእምሮዬ ልጠርጥር?

መደብሩ በላውንድሪና በፒዛ ቤት መካከል ነው። ከመስታወቱ ጠረጴዛ ጀርባ የቆመችው ሻጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሽበታም ሴት ነበረች።

«ሽጉጡ የማን ነው የሚሆነው?» አለች።

«የእህቴ» አለ ኪራኮስ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት።»

«የኔ» አልኩ። ወደድኳት።

ኪራኮስ ጣቱን መስታወቱ ላይ ተከለ። «ያንን አውጪልን። ኮምቦ ነው፣ ወይንዬ። ሽጉጡና ማነጣጠሪያው ቀይ ነጥብ አንድ ላይ፣ ተገጥሞ የመጣ። ለየብቻ ብትገዢው ነጥቡ ብቻውን ያከስርሻል።»

«ነጥብ የሌለውስ ምን አለው?»

«ክትፎ ያለ አይብ ይበላል?»

«ይበላል።»

«አንቺ ትበይዋለሽ። ሰው አይበላውም።»

ሻጯ ሽጉጡን ከፍታ ባዶነቱን አሳየችኝና ሰጠችኝ። ላዩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስታወት ቆማለች፤ ነጥቡ የሚበራው እዚያ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ኢላማ አቀናሁና ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያየሁት ነጥብ አይደለም፤ የተጨፈለቀ ቲማቲም ነው።

«ተበላሽቷል» አልኩ።

«አዲስ ዕቃ!» ኪራኮስ ፋብሪካው የሱ ይመስል ተቆጣ።

ሻጯ አልተቆጣችም። «ስልክሽን አውጪና በካሜራው በኩል እይው» አለችኝ። አየሁ። በካሜራው ነጥቡ ድፍን፣ ክብ፣ ንጹሕ ሆነ። «ዕቃው ጤነኛ ነው። ዓይንሽ ነው የሚበትነው። አስቲግማቲዝም ነው፣ ብዙ ሰው አለበት።»

«አየሽ? ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለ ኪራኮስ። «ክፍሌም ይሄንኑ ነው የሚለው።»

«ምን አልክ?»

«ቀልድ ነው ባክሽ!»

«ክፍሌን መቼ አገኘኸው?»

«ድሮ ነዋ፣ ድሮ። አሁን ሽጉጥሽን ምረጪ።»

ሻጯ አማርኛችንን ባትሰማም ድምፄን ሰምታለች። ትንሽ ጠበቀችን፤ ከዚያ አንዲት ቁልፍ ደጋግማ ተጭና የነጥቡን ብርሃን ቀነሰችው። «አንድ ዓይን መጨፈኑንም ተዪው። ሁለቱንም ክፈቺ። ነጥቡን አትከተይው፤ ልትመቺ የፈለግሽውን ነገር ተመልከቺ፤ ነጥቡ ራሱ ይመጣል።» እንዳለችኝ አደረግሁ። ቲማቲሙ ጠበበና ኢላማው መሐል ተቀመጠ።

አጠገቡ ነጥብ የሌለው፣ ባትሪ የማይፈልግ ሌላ ሽጉጥ ነበረ። እሱንም ያዝኩት። ለእጄ ቀለለኝ፤ ልቤ ወደሱ አደላ።

«ስትደነግጪ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያውን ማገጣጠም አትችይም» አለኝ ኪራኮስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውዬው በሩን ገንጥሎ ሲገባ አስቢው። ነጥቡን ማየት ብቻ ነው። ለነፍስሽ ነው የምልሽ።»

ስለ ነፍሴ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያ እንባ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህም ያበሳጨኛል። ኮምቦውን መረጥኩ።

ሻጯ መታወቂያ ስትለኝ መንጃ ፈቃዴን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ እሷ ቅጹን የምሞላበትን ታብሌት ለማምጣት ዞር አለች። ኪራኮስ ካርዱን አነሳው።

«አቤት ፎቶ! ዕዳ ልትሰበስብ የመጣች ነው የምትመስይው!»

«አስቀምጠው።»

«ቆይ እስቲ፣ ቁመትሽንም ዋሽተሻል መሰለኝ…»

«ኪራኮስ! አስቀምጠው!»

ከእጁ ነጠቅኩት። ሻጯ ዞራ አየችን። እሱ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። «እሺ፣ እሺ፣ እሳት! ሳትታጠቂ እንዲህ ከሆንሽ ታጥቀሽማ ማን ይችልሻል?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አድራሻዬ ከፎቶዬ ጎን በግልጽ ተጽፎ፣ እኔ ቀልድ አይገባትም እንዳልባል ብዬ ሳቅኩ።

የወንጀል መዝገብ ምርመራውን አለፍኩ። ሳጥኑን እስከ መኪናዬ ተሸክሞልኝ፣ አቅፎ ሳመኝና «አባትሽ ቢያዩሽ ይኮሩ ነበር» አለኝ። የሞተ ሰው ስም እንዲህ በርካሽ አይጠራም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። የኔን በር የሚያንኳኳ የለም። በበሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ፊት ለፊት ኪራኮስ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዞ ቆሟል። ከጎኑ ጋሽ ፀሐዩ አሉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን እንደለበሱ ነው። ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከአሳንሰሩ አጠገብ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የእሳት አደጋ መውጫውን ካርታ ያነባል። ያንን ጀርባ አውቀዋለሁ።

«ማነው?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«እኛ ነን፣ ሙሽሪት። ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው።»

ልንጠይቅሽ! አባቴ ጠያቂዋ አንተ ነህ ሲሉት የበደላትን ሰው ፊቱ ቆመህ ጠይቅ ማለታቸው ነበር። እሱ ቃሉን እንደ ሸሚዝ ገልብጦ ለበሰው፤ በዳዩን ከኋላው አስከትሎ፣ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። እርቅ የሚሉትም ይህንን ነው፤ የታነቀችው በር እንድትከፍት፣ ያነቀው ደግሞ ካርታ እያነበበ እንዲጠብቅ።

«ከማን ጋር ነው የመጣኸው?»

«ከአባቶች ጋር።»

«አሳንሰሩ አጠገብ ያለውስ የማን አባት ነው?»

ጋሽ ፀሐዩ ወደ በሩ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ክፈቺልን። ገመና በር ላይ አይወራም።»

«ጋሽ ፀሐዩ፣ አጠገቧ እንዳትደርስ ተብሎ እንደተፈረደበት ያውቃሉ?»

«የፈረንጅ ወረቀት ነው፣ ልጄ።»

«የታነቀውስ የፈረንጅ አንገት ነው?»

ኪራኮስ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ በሹክሹክታ ጀመረ። «ወይንዬ፣ ለሰላም ብዬ ነው። ሰውዬው እኮ ተጎድቷል፣ ምግብ አይበላም…»

«ለአባቴ ምለሃል።»

«የሱም ሚዜ እኮ ነበርኩ!»

«ሽጉጡንስ ለምን አስገዛኸኝ?»

«ምን ላድርግ? በሌላ መንገድ እምቢ አልሽ! አድራሻሽን ስንቴ ጠየቅኩሽ?»

ሳጥኑ ቁምሳጥን ውስጥ እንደተዘጋ ነበር። እንደማልተኩስ ያውቃል፤ ያንን ተማምኖ ነው ራሱ አስታጥቆኝ ባሌን በሬ ድረስ ያመጣው። አልተሳሳተም። ሽጉጡን አልነካሁትም፤ ስልኬን አነሳሁና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ዘጠኝ አንድ አንድ፣ ፖሊስ ጋ፣ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳችው ሴት አድራሻዬን ጠየቀችኝ። ለእህቴ እንኳ የደበቅኩትን የሕንጻ ቁጥር፣ የመንገድ ስም፣ የአፓርታማ ቁጥር፣ ከበሩ ሥር ቆሜ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ድረስ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ፍርድ ቤት የከለከለው ባሌ በሬ ላይ መሆኑንም ጨመርኩ። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር አልነበረኝም፤ ቤቱም ከእንግዲህ ቤቴ አይደለም።

በቀዳዳው አየሁ። ካርታ አንባቢው አሳንሰሩን ሳይጠብቅ በደረጃው ተፈተለከ። ጋሽ ፀሐዩ ነጠላቸውን ሰብስበው ተከተሉት። ኪራኮስ ብቻ ቅርጫቱን እንደያዘ ቀረ።

«ባለቤትሽ አሁንም በሩ ላይ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ሮጧል። ያመጣው ሰው ግን አለ።»

«ሰውየው ምንሽ ነው?»

ሚዜዬ ልላት ነበር። ለፈረንጅ እንዴት እንደሚባል ፈለግሁ። ያለው አንድ ቃል ነው፣ የባልየው አጃቢ ማለት የሆነው።

«ቤስት ማን» አልኳት። «የባሌ ቤስት ማን።»

በእንግሊዝኛ ሲባል ልክ መጣ።