ዘጠኝ ነጥብ ሰባ ስምንት

ሰብለ ወንጌል ዛሪማ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሳይንስ አስተምራለች። ዲግሪዋን ለመያዝ ክረምት ክረምት ጎንደር እየመጣች ትማራለች። ዘንድሮ የደረሳት የንዝረት፣ የሞገድና የብርሃን ፊዚክስ ነው። አስተማሪው ጌትነት በዕድሜ ከታናሽ ወንድሟ ቢያንስም «መምህር» ትለዋለች፤ እሱም አንቱ ይላታል።

የመጀመሪያው የላብ ሥራ ፔንዱለም ነበር፤ ክር ላይ የታሰረ ብረት አወዛውዞ፣ ደርሶ መልስ የሚፈጅበትን ጊዜ ለክቶ፣ ከዚያ የመሬትን ስበት ማስላት። ከቡድን ጓደኛዋ ከፊልጶስ ጋር ግማሽ ቀን ሲለኩ ዋሉ። ያገኙት 9.78 ነው።

«መጽሐፉ 9.81 ነው የሚለው» አለ ፊልጶስ። «የክሩን ርዝመት ትንሽ ከፍ እናድርጋትና እንገላገል።»

«ክሩን ሦስቴ ለክተነዋል። ለምን ከፍ ይላል?»

ፊልጶስ ከፍ አድርጎ ለብቻው አስረከበ። እሷም የለካችውን ጽፋ ለብቻዋ።

ሪፖርቱ ሲመለስ ከአሥር አራት አገኘች። በቀይ «ውጤቱ የተሳሳተ፤ ተስተካክሎ ይቅረብ» ተብሎበታል። ወረቀቱን ይዛ ፊት ወጣች።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት፣ መምህር?»

«መልሱ 9.81 ነው። ሃያ ሁለት ሰው አግኝቶታል፤ የሳቱት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስከ ዓርብ አስተካክለው ያምጡ።»

«አላስተካክልም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እኔም አስተማሪ ነኝ» አለች። «ሃያ ሁለት ተማሪ አንድ ቁጥር ሲያመጣልኝ ጎበዞች ናቸው ብዬ አላልፍም። በእጅ ተለክቶ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ሳይል ሁሉም እንዴት 9.81 ላይ አረፈ? እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ካላመኑኝ እዚሁ ፊትዎ ልለካ።»

የጌትነት ፊት ተለዋወጠ። «እሺ፣ ይለኩ» አለ።

ወደ ደረጃው ወጡ። ረዥም ክር ቀስ ብሎ ስለሚወዛወዝ ለመቁጠር ይመቻል፤ ስለዚህ ከሦስተኛው ፎቅ ቁልቁል ለቀቀችው። ርዝመቱን ጌትነት ራሱ ለካ። ሦስት ተማሪዎች በሞባይላቸው ሰዓት ያዙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እሷ ከዝናቡ በላይ እየጮኸች ሃምሳ ቆጠረች፤ ደግማ ሃምሳ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ሃምሳ። 9.77 መጣ፣ 9.79 መጣ፣ 9.78 መጣ። 9.81 ግን አልመጣም።

ጌትነት ስሌቱን ሁለቴ አይቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ጎንደር ከፍ ያለ ቦታ ናት፤ ለምድር ወገብም ትቀርባለች። ስበቱ እዚህ ትንሽ ያንሳል» አለ ቀስ ብሎ። «ይህንን ተምሬዋለሁ እኮ! ሪፖርት ሳርም ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።»

አሥር ከአሥር ሰጣት። የሃያ ሁለቱን ደግሞ ቅዳሜ እንደገና እንዲለኩ መለሰባቸው።

ምሳ ላይ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። ፊልጶስ ሳህኑን ይዞ ሲያልፍ፣ «ቅዳሜ ማክሰኝት ልሄድ ነበር፤ በአንቺ የተነሳ ቀረሁ» አላት።

«ያልለካኸውን የጻፍከው አንተ ነህ» አለችው። ትቷት ሄደ። ከፋት፤ ግን በልታ ጨረሰች።

ይልቅ የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ማርያማዊት የምትባል ተማሪዋ፣ ውሃ አፍልታ ስትለካ ቴርሞሜትሩ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ላይ እንደቆመ ጽፋ ነበር። መጽሐፉ መቶ ስለሚል ሰብለ ወንጌል ኤክስ አድርጋባታለች። ዛሪማም ከባሕር ወለል ከፍ ያለች መሆኗን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ መቶ ሳይደርስ እንደሚፈላ ያኔ አላሰበችም።

ከምሳ እንደወጣች ለልጅቱ እናት ደወለች፤ እናትየውም ማርያማዊትን አገናኘቻት።

«ያ የውሃው ነገር፣ ዘጠና ስድስት ያልሽው፣ ትዝ ይልሻል? ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»



«እኔማ ያኔም አውቄው ነበር፣ ቲቸር» አለች ልጅቱ።