እጅ የሚያውቀው ቦታ

የስክሪኑ የታችኛው መስመር ብልጭ አለና ጠፋ። ወርቅውሃ ጠበቀች። መስመሩ ተመልሶ መጣ፤ ሳትነካውም ጠፋ። ከዚያ የፋይሎቹ ምልክቶች ሳይቀሩ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ድርግም አለና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ቀረ።

ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ነው። በረንዳው ላይ ሠላሳ ስምንት አዲስ መምህራን የምደባ ደብዳቤያቸውን ይጠብቃሉ፤ ግማሾቹ ከሁሩሙና ከኖፓ ወረዳዎች ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹ ያሉት እዚያው ጥቁር ሰሌዳ ውስጥ ነው። የሚፈርምባቸው የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሮብሳን ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ለስብሰባ ከመቱ ይወጣል፤ ከወጣ ሳምንቱን ሙሉ አይመለስም።

ወርቅውሃ በዚህ ቢሮ ሠላሳ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች። በአማርኛ ታይፕ ጀመረች። የቢሮው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የላቲኑን ፊደል፣ ቁቤን፣ በሁለት ወር ውስጥ ጣቶቿን አስተማረች። ኮምፒውተር ሲመጣም ማንም ሳያግዛት ለመደችው። ሥራ አስፈርቷት አያውቅም። አሁን የሚያስፈራት ዓይኗ ነው። ከአምና ጥቅምት ጀምሮ የምታየው ነገር ዳር ዳሩ ብቻ ይታያታል፤ መሐሉ ቅባት የነካው መስታወት ይመስል ይደበዝዛል። ሐኪሙ ቶሎ ጅማ ሆስፒታል ሂጂ ብሏት ነበር፤ አልሄደችም። ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ፣ ለፈቃዱም ምክንያት መናገር አለ። ሰኔ ላይ አዲስ የሠራተኛ ድልድል ይመጣል፤ ሁለት ጸሐፊ በነበረበት አንድ ይበቃል ተብሏል። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ይቀረዋል። ከአጠገቧ ክፍል ያለችው ሁለተኛዋ ጸሐፊ ዳናዊት ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗም ከመንገድ ማዶ ያለ ታርጋ ያነባል።

እስከ መስከረም ድረስ እጇ የዓይኗን ገመና ሲሸፍንላት ቆይቷል። የቱ ትእዛዝ የት እንዳለ ጣቶቿ ያውቁታል። በመስከረም አዲስ ሲስተም የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች መጡ። ዕድሜውን ሙሉ ከስክሪኑ ግራ ጥግ የኖረው ቁልፍ መሐል ገባ፤ በስም ይጠሩ የነበሩ ትእዛዞች ደቃቅ ሥዕል ሆኑ። ለሌላው ሠራተኛ የሦስት ቀን ማጉረምረሚያ ነበር። ለእሷ ግን አንድ ሰው ቤቷ ገብቶ ዕቃዋን ሁሉ ቦታ ለዋውጦባት የሄደ ያህል ሆነባት። ፊደሉን አጉልቶ መሥራት ይቻል ነበር፤ ግን ከበር ላይ የሚነበብ ፊደል ከፍታ ብትቀመጥ የገባ ሁሉ "ምነው?" ማለቱ አይቀርም።

እናም ሀይደርን ጠራችው። ሀይደር ከወራቤ መጥቶ መቱ ገበያ ውስጥ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና የከፈተ ጎልማሳ ነው። በፍላሽ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይዞ መጣና በሩብ ሰዓት ውስጥ የድሮውን ገጽ መለሰላት። የውጭ ፕሮግራም መጫን ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ሰርኩላር የጻፈችው ራሷ ወርቅውሃ ነበረች፤ ሦስት ጊዜ አስተካክላ፣ ያለ አንዳች ስሕተት።

"እትዬ ወርቄ፣ ይሄ ከላይ የለበሰ ነገር ነው" ብሏት ነበር ሀይደር። "ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ ሊጣሉ ይችላሉ። ላድስ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎት 'በኋላ' የሚለውን ይጫኑ፤ በስተቀኝ ያለው ነው።"

"ከተጣሉስ?"

"ከተጣሉ ይደውሉልኝ።"

አምስት ወር በሰላም አለፈ። ደብዳቤ ከእጇ እንደ ድሮው ይወጣ ጀመር። እንዲያውም ሮብሳን በስብሰባ ላይ አመስግኗታል። ትናንት ማምሻውን ያ ጥያቄ ሲመጣ በስተቀኝ ያለውን ተጫነችና ወደ ቤቷ ሄደች።

አሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ሀይደር እስኪያነሳ ትጠብቃለች።

"ሀይደር፣ ጠፋብኝ።"

"ምኑ ነው የጠፋው?"

"ሁሉም። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል።"

"ትናንት ላድስ ወይ ብሎ ጠይቆዎት ነበር?"

"በስተቀኝ ነው የተጫንኩት፤ እንዳልከኝ።"

ከሀይደር ኋላ የፍየል ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማል። "አይ እትዬ፤ ቦታውን ለዋውጠውታል ማለት ነው። ስሙን አላዩትም?"

"ና በቃ" አለችው።

"ሁሩሙ ነኝ እኮ፤ ዛሬ ገበያ ነው። መኪና እስኪሞላ ስድስት ሰዓት ይሆናል። አይጨነቁ፣ ደብዳቤዎ አልጠፋም። የተጣላው ገጹ ነው። ያንን ፕሮግራም አውጥተን ከጣልነው ይመለሳል። ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት አንድ ላይ ይጫኑ።"

ይሄን እጇ ያውቃል። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። እሱ ቁልፍ በቁልፍ ይነግራታል፣ እሷ ትጫናለች። የፊደላት ድርድር ሲነግራት አንድም ሳትስት ጻፈችው። ልቧ ረጋ አለ። በዚህ ከቀጠለ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

"መጣ? አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ተዘርዝረዋል። ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ።"

ወርቅውሃ ዝርዝሩን አየች። ሽበት የመሰለ ነገር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ትኩር ብላ አየች፤ ዓይኗን ወደ ጎን ስትጥል ዳር ያለው ፊደል አንዳንዴ ይያዝላታል። አንድ ትልቅ ፊደል ያዘች። ስክሪኑ ብልጭ አለና የያዘችው ተበተነ።

"እትዬ? አሉ?"

"አለሁ።"

"ምን ይላል?"

"ብዙ ነው።"

"ማሎ፣ እባክዎ ሳያነቡ እንዳይነኩ። የማተሚያው ፕሮግራም እዚያው ውስጥ ነው፤ እሱን ካጠፉት ዛሬ ወረቀት አይወጣም።"

ከግድግዳው ወዲያ የዳናዊት ቁልፎች ይንጫጫሉ። ሌላ ማንን ትጥራ? ከመምህራኑ አንዱን ብትጠራ እስከ ማታ ከተማው ይሰማል። ዳናዊትን ከመጥራት ደግሞ በግምት አንዱን መጫን ይቀላት ነበር። ይመስለኛል ያለችው ከታች ሦስተኛው ነው። ቀስቱን እዚያ አደረሰች፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ አረፈ። ውጭ አንዲት መምህርት ያዘለችውን ሕፃን "እሽሩሩ" ትላለች። ሴትዮዋ ያለ ደብዳቤ ኖፓ ብትመለስ በሳምንቱ ከነልጇ ተመልሳ ልትመጣ ነው። ወርቅውሃ እንደ ዛሬ ራሷን ጠልታ አታውቅም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለካ ለእሷ ነው። ጣቷን አነሳች።

"ዳናዊት፣ እስቲ ነይ።"

ዳናዊት መጣች። ወርቅውሃ ስልኩን ሰጠቻትና "የሚልሽን እያነበብሽለት ጠብቂኝ" አለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አታውቅም። እዚያው ወንበሯ ላይ ቀረች። ዳናዊት ጎንበስ ብላ ስም በስም አነበበች። ሰባተኛው ላይ ሀይደር "እሱ ነው" ሲል ድምፁ እስከ ወርቅውሃ ድረስ ተሰማ። ከታች ሦስተኛው የማተሚያው ነበር።

ዳናዊት ፕሮግራሙን አውጥታ ጣለችና ኮምፒውተሩን አጥፍታ እስኪበራ ጠበቀች።

"እትዬ ወርቄ" አለች ዳናዊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያ ጽሑፍ አይታይዎትም እንዴ?"

"አይታየኝም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአምና።"

ዳናዊት አጠገቧ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ስልዎት ዘግተውኝ ያልፋሉ። ቤት ገብቼ ምን አድርጌያቸው ነው እያልኩ..."

ወርቅውሃ ይሄን አስባው አታውቅም። ስንቱን ሰው ዘግታ አልፋ ይሆን?

ስክሪኑ ተመለሰ፤ ያ የማትፈልገው አዲሱ ገጽ፣ ቁልፉን መሐሉ ላይ ጎልቶ። ብልጭታው ቆሟል። ዳናዊት ደብዳቤዎቹን ከፍታ ለማተሚያው ላከቻቸው። ሀይደር ገና ስልኩ ላይ ነበር፤ ወርቅውሃ ስልኩን ተቀበለች።

"እትዬ፣ ሰኞ መጥቼ የድሮውን እመልስልዎታለሁ። ለአዲሱ የሚስማማው ወጥቷል። ዳግመኛ እንዳይጣሉም ሲስተሙ ራሱን እንዳያድስ ጭራሽ እዘጋዋለሁ።"

"መዝጋቱ ጉዳት የለውም?"

"አለው። ቫይረስ ቢገባ የቢሮው መስመር ሁሉ አንድ ነው። ግን ገጹ አይነካብዎትም።"

"እደውልልሃለሁ" አለችና ዘጋችው።

አምስት ሰዓት ሲል ሮብሳን ቦርሳውን አንግቶ ገባ። "አካም ቡልታን፣ እትዬ ወርቄ። ደብዳቤው የት ደረሰ? ልጆቹ በረንዳውን ሞልተውታል።"

"ኮምፒውተሩ አስቸግሮን ነበር" አለች ዳናዊት ፈጥና። "አሁን ተስተካክሏል፤ ይኸው።"

ሮብሳን የወርቅውሃ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መፈረም ጀመረ። እየፈረመ፣ "ይሄ ኮምፒውተር ለእርስዎ አልተስማማም መሰለኝ" አለ። "ከዳናዊት ጋር ልቀያይራችሁ? ወይስ የድሮውን ከመጋዘን ላስወጣልዎት?"

ለወርቅውሃ አንድ "እሺ" ብቻ ይበቃት ነበር። የድሮው ከመጋዘን ይወጣል፣ ካልሆነም ሀይደር ሰኞ ይመጣል። ድልድሉ ያልፋል፤ ማን ያውቃል፣ ጡረታውም ይደርስ ይሆናል። መሐሉ ላይ ያለው ጭጋግ ግን ከአምናው ዘንድሮ ሰፍቷል፤ ይሄንን ከእሷ በቀር ማንም አያውቀውም። ፈራች።

"ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ አቶ ሮብሳን" አለች። "የማላነበው እኔ ነኝ። ዓይኔ ታሟል። ዓመት ደብቄዎታለሁ፤ ዛሬም የማተሚያውን ፕሮግራም ላጠፋው ነበር።"

የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ ፊቱን አይታ መለየት አልቻለችም። ማተሚያው ብቻ የቀሩትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ይተፋል።

"ዳናዊት" አለች ወርቅውሃ። "የፈቃድ ቅጽ አምጪና አቶ ሮብሳን ሳይሄዱ ሙዪልኝ። የሰኞ ነው፤ ለጅማ። ምክንያቱን ጽፈሽ ስትጨርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ።"